ጡት እያጠባሽም ፊትሽን መታከም ትችያለሽ፣ ከጅዳ የመጣውን ኪኒን ግን አትንኪው

ይሄ ደብዳቤ የመጣልኝ ከኮምቦልቻ ነው፣ ትንሽ አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«አሰላሙ አለይኩም እህቴ። 27 አመቴ ነው፣ የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ 4 ወር ሆነኝ፣ ጡት ብቻ ነው የሚጠባው። ሁለት ወር ሲሞላኝ ፊቴ ላይ ብጉር ጀመረኝ፣ መጀመሪያ ትንንሽ ነበር አሁን ግን አገጬና መንጋጋዬ ላይ ውስጥ ለውስጥ የሚያብጥ፣ ስነካው የሚያመኝ፣ ሲድን ደግሞ ጥቁር ምልክትና ጎድጓዳ ጠባሳ የሚተው ሆኗል። አማቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችልኝ። ከኮስሜቲክስ ቤት ቅልቅል ክሬም ገዝቼ 3 ሳምንት ተቀባሁ፣ መጀመሪያ ጥርት አለልኝ ከዛ ብሶ ተመለሰ። ጅዳ ያለችው የባሌ እህት ደግሞ ሮአኩታን የሚባል ኪኒን በሰው ላከችልኝ፣ ይሄ ብቻ ነው የሚያድንሽ ልጁን ጡት አስጥዪውና ጀምሪ አለችኝ። እኔ ሁለት አመት ላጠባው ነበር ሀሳቤ። ሌላ መድሀኒት የለኝም፣ በ45 ቀኔ የሶስት ወር መርፌ ተወግቻለሁ። ሰው ቤት መሄድ ትቻለሁ፣ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይም አልተገኘሁም፣ መስታወት ሳይ አለቅሳለሁ። ምን ላርግ?»

ወአለይኩም አሰላም የኔ እህት፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልበል ወይስ እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ፣ እኛ ወሎ ሁለቱንም ነው የምንለው፣ ልጁንም ያሳድግልሽ። መልሱን መጀመሪያ ላስቀምጥልሽና ከዛ ዝርዝሩን እናወራለን። ልጅሽን ጡት አታስጥዪው፣ ኪኒኑን አትጀምሪው፣ ቅልቅል ክሬሙን ዛሬውኑ አቁሚው፣ እና በዚህ ሁለት ሳምንት ውስጥ የቆዳ ሀኪም ጋ ሂጂ። ፊትሽና ልጅሽ መሀል እንድትመርጪ ተደርገሽ ነው የተነገረሽ፣ እውነቱ ግን እያጠቡ የሚወሰዱ በቂ ህክምናዎች አሉ፣ እኔ ደሴ ፋርማሲ ውስጥ ስሰራ እንዳንቺ አይነት ጥያቄ ይዘው የሚመጡ እናቶች በጣም ብዙ ናቸው፣ አብዛኞቹ የሚመጡት ግን ወይ ጡት ካስጣሉ በኋላ ነው ወይ ፊታቸውን ካቃጠሉት በኋላ፣ አንቺ ቀድመሽ መጠየቅሽ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ከኪኒኑ ልጀምር ምክንያቱም እሱ ነው እቤትሽ ቁጭ ያለው አደጋ። ሮአኩታን የመድሀኒቱ ትክክለኛ ስሙ አይሶትሬቲኖይን ነው፣ ከቫይታሚን ኤ ቤተሰብ ነው፣ ለከባድ ብጉር እስካሁን ካሉት ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ከ1982 ጀምሮ (በፈረንጅ) ፈቃድ አግኝቶ እየተሰጠ ያለ ነው፣ ስለዚህ የባልሽ እህት ያድናል ያለችሽ ውሸት አይደለም፣ በፍቅር ነው የላከችልሽ። ችግሩ መድሀኒቱ ስብ ውስጥ የሚሟሟ ነው፣ የእናት ጡት ወተት ደግሞ ስብ አለው፣ ስለዚህ ወደ ወተቱ ያልፋል ተብሎ ነው የሚታሰበው፣ ገና እያደገ ያለ ህፃን ላይ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ማንም ሞክሮ አላየውም ሊሞክረውም አይገባም። ለዚህ ነው የሚያጠቡ እናቶች እንዳይወስዱት የሚከለከለው፣ አሜሪካ ያለው የመድሀኒቱ መመሪያ የመጨረሻውን ፍሬ ከዋጡ በኋላ እንኳን ቢያንስ 8 ቀን ጡት አታጥቡ ይላል። እርግዝና ላይ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው፣ የፅንሱን ልብ፣ አንጎል፣ ፊትና ጆሮ ሊያበላሽ ይችላል፣ ለአጭር ጊዜ በትንሽ መጠን እንኳን ቢወሰድ። በዚህ የተነሳ አሜሪካ ከ2006 ጀምሮ (ይሄም በፈረንጅ) ማርገዝ የምትችል ሴት በየወሩ የእርግዝና ምርመራ ሳታደርግ ከፋርማሲ እንዳይሰጣት አርገዋል። ሲሰጥም ጉበትና የደም ቅባት በላብራቶሪ እየታየ ነው፣ ብዙ ጊዜ 5 እና 6 ወር ይፈጃል። በሻንጣ መጥቶ ያለ ሀኪም የሚዋጥ ነገር አይደለም።

እና እሺ ፓኬቱን ምን ላርገው ካልሽ ለጎረቤት ወይ ለጓደኛ ‹ላንቺ ይሁንሽ› ብለሽ እንዳትሰጪ፣ ያቺ ጓደኛሽ ሳታውቀው አርግዛ ሊሆን ይችላል። ፋርማሲ ይዘሽ ሂጂና እንዲያስወግዱልሽ ስጫቸው፣ ወይ ደግሞ የቆዳ ሀኪሙ እንዲያየው ይዘሽለት ሂጂ። ሁለት አመትሽን አጥብተሽ ከጨረስሽ በኋላ ብጉሩ ያኔም ካለ መድሀኒቱ የትም አይሄድም፣ ያኔ በሀኪም እጅ በደንብ ትወስጂዋለሽ። ድንገት ይሄን ከማንበብሽ በፊት አንድ ሁለት ፍሬ ውጠሽ ከሆነ ደግሞ አትደንግጪ አትደብቂም፣ ማጥባቱን ለጊዜው አቁመሽ ወተትሽ እንዳይደርቅ ልጁ በሚጠባበት ሰአት ሁሉ እያለብሽ ድፊው፣ በዛው ቀን ሀኪም ጋ ሄደሽ መቼ እንደምትመለሺ ይንገሩሽ።

የሁለት አመቱን ነገር ካነሳሽው አይቀር፣ ቁርአን ሁለት ሙሉ አመት ይላል፣ የአለም ጤና ድርጅትም 6 ወር ጡት ብቻ ከዛ ከምግብ ጋር እስከ ሁለት አመትና ከዛ በላይ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ሀሳብሽ ትክክል ነው፣ ማንም እንዳያስቀይርሽ።

አሁን ወደ ቅልቅል ክሬሙ። ስለዚህ ነገር ትንሽ ረዘም አርጌ ልፅፍ ነው ምክንያቱም ደሴም ኮምቦልቻም በየኮስሜቲክስ ቤቱ ስም ሳይኖረው በትንንሽ እቃ እየተሞላ ይሸጣል፣ እናቶች ደግሞ ከወሊድ በኋላ ፊታቸው ሲጠቁርና ማድያት ሲወጣባቸው ነው ብዙ የሚገዙት። መጀመሪያ ጥርት ብሎልሽ ከዛ ብሶ ተመለሰ ያልሽው አገላለፅ የስቴሮይድ ክሬም ታሪክ ነው፣ ቁጭ እሱን ነው የሚመስለው። እነዚህ ቅልቅሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶል ወይ ቤታሜታዞን የሚባሉ ጠንካራ ስቴሮይዶች ይገባሉ፣ እነሱ መቅላቱንና እብጠቱን በቀናት ውስጥ ያጠፉታል፣ ሰው ደስ ይለዋል፣ ከዛ ግን ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል፣ ራሳቸው ስቴሮይዶቹ አዲስ ብጉር ያመጣሉ፣ ሲያቆሙት ደግሞ እሳት ይሆናል፣ እሳቱን ለማጥፋት ተመልሰው ይቀባሉ፣ እንዲህ እያለ አመት ይሞላል። ሌላው ሀይድሮኪኖን ነው፣ የሚያነጣው፣ ከተቀባው ውስጥ ቀላል የማይባል መጠን በቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል፣ ለዛ ነው ለሚያጠቡ እናቶች የማይመከረው። አንዳንድ ማንጫ ክሬሞች ውስጥ ደግሞ ሜርኩሪ ተገኝቷል በተለያየ አገር፣ ሜርኩሪ ኩላሊትና ነርቭ ይጎዳል፣ በወተትም ያልፋል፣ የተቀባ ፊትና እጅ የነካው ህፃን ላይም ይደርሳል። አንቺ የገዛሽው ውስጥ የትኛው እንዳለ እቃው ላይ ካልተፃፈ ማወቅ አይቻልም፣ ማወቅ ካልተቻለ ደግሞ የ4 ወር ልጅ ጉንጩን የሚያስደግፍበት ፊት ላይ አይቀባም፣ በቃ።

ስታቆሚው መጀመሪያ ባሰብኝ ትያለሽ፣ አንድ ሁለት ሳምንት ወይ ከዛ በላይ ሊቀላ ሊያሳክክ አዳዲስ ሊወጣ ይችላል፣ ይሄ ክሬሙ ያስፈልገኝ ነበር ማለት አይደለም፣ ሲቆም የሚመጣ ነው፣ ተመልሰሽ እንዳትቀቢው። የተረፈውን ግን አትጣዪው፣ ከነእቃው በፌስታል አስረሽ ከልጁ አርቀሽ አስቀምጪና ለሀኪሙ አሳዪው፣ ምን ስትቀቢ እንደነበር ማወቁ ህክምናውን ይለውጠዋል።

አማትሽ ዳማከሴ ማሸታቸው ለመልካም ነው፣ አራስ ምች ይመታታል ብለው ነው ያደጉት፣ አትቆጫቸው። ግን ይሄ ብጉር ነው፣ ምች አይደለም። ሰው ፊት ላይ ምች የሚለው ብዙ ጊዜ ከንፈር አካባቢ ውሀ ቋጥሮ የሚወጣውን ነው፣ እሱ በቫይረስ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው (በነገራችን ላይ እሱ የወጣበት ማንኛውም ሰው፣ አያትም ብትሆን፣ ህፃን መሳም የለበትም፣ ለጨቅላ ህፃን በጣም አደገኛ ነው)። ያንቺ ግን የቆዳ ቀዳዳ ውስጥ ያለው የወዝ እጢ ብዙ ወዝ ሲያመነጭ፣ ቀዳዳው ሲደፈን፣ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሲራባና ሲቆጣ የሚመጣ ነው፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ ሆርሞን በአንዴ ስለሚወርድ ብዙ ሴት ላይ ይነሳል። የደም መቆሸሽ አይደለም፣ ወተትሽን አያበላሽም፣ ወደ ልጁም አይተላለፍም። ያበጠ ቆዳ ላይ ቅጠል ማሸት፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮልጌት፣ ቲክቶክ ላይ ያየሽው ሁሉ ያቃጥላል፣ የኛ አይነት ጠይም ቆዳ ሲቃጠል ደግሞ ጥቁር ምልክት ይተዋል፣ ምልክቱ ከብጉሩ በላይ ነው የሚቆየው። ቲቲሲ የአይን ቅባትም ብዙ ሰው ይቀባል፣ ቅባትነቱ ነው የሚተርፍሽ፣ ለዚህ አይነት ብጉር አይረዳም።

አሁን ደብዳቤሽን ሳነብ ቆም ያልኩበት ቦታ። በ45 ቀንሽ መርፌ ተወጋሽ፣ ብጉሩ ሁለት ወር ላይ ጀመረ። የሶስት ወሩ መርፌ፣ ዲፖ የሚባለው፣ ፕሮጀስቲን የሚባል ሆርሞን ብቻ ያለው ነው፣ ወተት አይቀንስም፣ ለሚያጠቡ እናቶች ከ6 ሳምንት በኋላ ይሰጣል፣ ጥሩ መከላከያ ነው፣ ግን አንዳንድ ሴት ላይ ብጉር ያመጣል ወይ ያብሳል፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም እንደዛው። የግድ እሱ ነው አልልሽም፣ መርፌ ሳይወጉም ከወሊድ በኋላ የሚወጣባቸው ብዙ ናቸው፣ ግን ጊዜው ስለገጠመ ሊነሳ የሚገባ ጥያቄ ነው። እኔ ሳሰላው ቀጣዩ መርፌሽ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው የሚደርሰው፣ ካርድሽን አይተሽ ቀኑን አረጋግጪ፣ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደሽ «ፊቴ እንዲህ ሆነ፣ ሆርሞን የሌለው ይሰጠኝ ይሆን» በያቸው። ሆርሞን የሌለው ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ አለ፣ ወተትም ቆዳም አይነካም። ዝም ብለሽ ግን መርፌውን እንዳትዘልይው፣ ምንም ሳትተኪ ከቀረሽ እርግዝና ሊመጣ ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ ለብጉር ጥሩ ነው ብሎ የየቀኑን የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ያዝልሻል፣ ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያለበት ኪኒን ብጉር ይቀንሳል እውነት ነው፣ ግን ወተት ሊቀንስ ስለሚችል ልጁ 6 ወር ሳይሞላው ለሚያጠቡ እናቶች አይመረጥም፣ ስለዚህ ሲሰጡሽ «እያጠባሁ ነው፣ 4 ወሩ ነው» ማለት እንዳትረሺ።

እሺ ምን ልቀባ ምን ልዋጥ ወደሚለው እንምጣ። ስሞቹን በደንብ ያዢያቸው፣ ስልክሽ ላይ ለፋርማሲው ብታሳዪውም ይሆናል።

የመጀመሪያው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው፣ ጄል ወይ ክሬም ሆኖ ይመጣል፣ ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ነው፣ እያጠቡ መጠቀም ይቻላል። 2.5 ወይ 5 ፐርሰንቱን ውሰጂ፣ 10 ፐርሰንቱ ጠንከር ያለ ይመስላል እንጂ የበለጠ አያድንም የበለጠ ያቃጥላል እንጂ። ማታ ፊትሽን በለስላሳ ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥበሽ አድርቀሽ፣ የአተር ፍሬ የምታክል ወስደሽ ብጉር ያለበትን ቦታ በሙሉ በስሱ ትቀቢያለሽ፣ ነጥብ ነጥብ አርገሽ አይደለም። የመጀመሪያ ሳምንት አንድ ቀን እየዘለልሽ። እጅሽን ታጠቢ፣ ጡትሽና ደረትሽ ላይ አይድረስ፣ ልጁን ወደ ፊትሽ ከማስጠጋትሽ በፊት ይድረቅ። አንድ ነገር ደግሞ፣ የነካውን ጨርቅ ቀለም ይለቃል፣ ሻሽሽን፣ የነጠላሽን ጥለት፣ የትራስ ልብስሽን ነጭ ነጭ ያረግብሻል፣ በአሮጌ ነጭ ጨርቅ ተኚ።

ሁለተኛው አዜላይክ አሲድ ነው፣ 15 ወይ 20 ፐርሰንት፣ ይሄ ስንዴና ገብስ ውስጥ በተፈጥሮ ያለ ነገር ነው፣ ወደ ደም የሚገባው ትንሽ ነው፣ ላንቺ ደግሞ በተለይ የምወደው ጥቁሩን ምልክት አብሮ ስለሚያደበዝዝ ነው። ሁሉም ፋርማሲ ላይገኝ ይችላል፣ ደሴ ያሉትን በስልክ እያስደወልሽ አጠያይቂ። ክሊንዳማይሲን የሚቀባውም ይሆናል፣ ግን ብቻውን ሳይሆን ከቤንዞይል ፐርኦክሳይዱ ጋር፣ ብቻውን ከተቀባ ባክቴሪያው ይለምደዋል። አዳፓሊን የሚባል ደግሞ አለ፣ የሮአኩታን ቤተሰብ ሆኖ የሚቀባ ነው፣ ወደ ደም የሚገባው እዚህ ግባ ስለማይባል ለሚያጠቡ የሚፈቅዱ ሀኪሞች አሉ፣ ይቆይ የሚሉም አሉ፣ እሱን ለቆዳ ሀኪሙ ተይው።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ፣ አንቺ እንደገለፅሽው ውስጥ ለውስጥ የሚያብጥና ጎድጓዳ ጠባሳ የሚተው ከሆነ የሚቀባ ብቻውን ላይበቃሽ ይችላል፣ ለዛ ነው ሀኪም ጋ ሂጂ የምልሽ፣ እያንዳንዱ የዘገየ ወር ጠባሳ ይጨምራል፣ ጠባሳ ደግሞ ከብጉር ይልቅ ለማከም ከባድ ነው። ሀኪሙ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ሊያዝልሽ ይችላል። እዚህ ጋ ጠንቀቅ በይ፣ ፋርማሲ ሄደሽ ለብጉር ስትያቸው ቶሎ የሚመጣላቸው ዶክሲሳይክሊን ነው፣ ርካሽም ነው። ለሌላ በሽታ ለአጭር ጊዜ፣ እስከ 3 ሳምንት፣ የሚያጠቡ እናቶች ሊወስዱት ይችላሉ፣ ለብጉር ግን የሚወሰደው ለወራት ነው፣ እየወጣ ያለውን የልጁን ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል ተብሎ ስለሚፈራ ለረጅም ጊዜ አይሰጥም። ሚኖሳይክሊንም እንደዛው፣ እሱ እንዲያውም ወተት ያጠቆረባቸው እናቶች ተመዝግበዋል። እያጠቡ የሚመረጡት ኤሪትሮማይሲን ወይ አዚትሮማይሲን ናቸው፣ እነሱን ህፃኑ ገና የመጀመሪያ ወሩ ላይ ከሆነ ነው በጣም የምንጠነቀቀው፣ የጨጓራ መውጫ መጥበብ የሚባል ችግር ስለሚፈራ፣ ያንቺ ልጅ ግን ይሄን አልፏል። መጠኑንና ቀኑን ሀኪሙ ነው የሚወስነው፣ ከ3 ወር አካባቢ በላይ እንዲቀጥልብሽ አትፍቀጂ፣ ሁሌም ከቤንዞይል ፐርኦክሳይዱ ጋር ይሁን።

አንድ ሁለቱ ትልልቅ እብጠቶች በጣም ካስቸገሩሽ የቆዳ ሀኪሞች እብጠቱ ውስጥ ትንሽ ስቴሮይድ በመርፌ ይሰጣሉ፣ በቀናት ውስጥ ይሟሽሻል፣ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ከማጥባት ጋር አይጋጭም። ይሄ ከኮስሜቲክስ ቤቱ ክሬም ጋር አንድ አይደለም፣ አንድ ቦታ ላይ አንዴ ተለክቶ የሚሰጥ ነው። ስፓይሮኖላክቶን የሚባል ኪኒንም አለ፣ ለአገጭና መንጋጋ ብጉር ጥሩ ነው፣ ወደ ወተት የሚያልፈው ትንሽ ነው፣ ግን በስፔሻሊስት ክትትል ብቻ።

የት ልሂድ ካልሽ፣ አንቺ እድለኛ ነሽ፣ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከድሮ ጀምሮ በስጋ ደዌና በቆዳ ህክምና የታወቀ ነው፣ ከሩቅ አገር ሁሉ ይመጡበታል። ስጋ ደዌ ያለበት ቦታ አልሄድም እንዳትይኝ፣ ሰዎች እንደዛ ሲሉ ስለምሰማ ነው፣ ተራ ስትጠብቂ የሚይዝሽ ነገር የለም። ከኮምቦልቻ በጠዋት በሀረጎ አርገሽ ደሴ ትገቢያለሽ፣ ከደሴ ሌላ ታክሲ ነው። ከመሄድሽ በፊት የቆዳ ሀኪሙ በየትኛው ቀን እንደሚያይ አስጠይቂ፣ ልጁን ይዘሽ ሁለቴ እንዳትመላለሺ። ካልተመቸሽ ከጤና ጣቢያሽ ሪፈር አፅፈሽ ደሴ ትልቁ ሆስፒታል መሄድ ነው። ስትገቢ መጀመሪያ የምትናገሪው «4 ወር ልጅ እያጠባሁ ነው» የሚለውን ይሁን፣ ከዛ ክሬሙን፣ ኪኒኑን፣ የመርፌ ካርድሽን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪለት።

የቤት ውስጡን በአጭሩ ልበልሽ። ፀጉርሽን ለጋ ቅቤ የምትቀቢ ከሆነ ለጊዜው ግንባርና ጉንጭ ላይ እንዳይወርድ አርጊ፣ ሲቀልጥ ቀዳዳ ይደፍናል፣ ሻሽ ስታስሪበት ደግሞ ይባስ። ወይባ ጢስ የምትሞቂ ከሆነም ፊትሽን ከጢሱና ከወበቁ አውጪው፣ ልጁን ደግሞ እዛ ክፍል አታስገቢው። ገንፎውን አጥሚቱን ማንም እንዳያስቀርሽ፣ የምታጠባ እናት ርቧት አትውልም፣ ስኳር የበዛበት ለስላሳ ከቀነስሽ በቂ ነው። ፀሀይ ላይ ስትወጪ ጥላ ወይ ነጠላ ያዢ፣ ከቻልሽ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ሰንስክሪን (የፀሀይ መከላከያ ክሬም) SPF 30 እና ከዛ በላይ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ብርድ ነው ብለን እንዘናጋለን እንጂ ፀሀይዋ ጥቁሩን ምልክት ታብሰዋለች፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ዝቅ ስላለች ትሞቃለች። አትጭመቂው። እባክሽ። ውስጥ ያለው እብጠት ሲጨመቅ ወደ ውጪ አይወጣም፣ ወደ ጥልቅ ነው የሚፈነዳው፣ ጎድጓዳው ከዛ ነው የሚመጣው። እና ታገሺ፣ የሚቀባውም የሚዋጠውም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይሞላው ለውጡ አይታይም፣ በሁለተኛው ሳምንት አልሰራም ብለሽ እንዳትጥዪው።

ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ህመም፣ ብጉሩ በአንዴ ተነስቶ መቁሰልና መድማት ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዛው ቀን ሂጂ።

መስታወት ሳይ አለቅሳለሁ፣ ሰው ቤት አልሄድም ያልሽውን እንዲሁ ላልፈው አልፈልግም። ፊት ላይ ያለ ነገር ሰውን እንደሚሰብር አውቃለሁ፣ ‹ዋናው ጤና ነው› የሚሉሽ ሰዎች ልብሽን አላዩትም። ግን ደግሞ አራስነት ላይ የሚመጣ ድብርት የሚባል በሽታ አለ፣ ለቅሶው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ልጁ ተኝቶ እንኳን እንቅልፍ ካልወሰደሽ፣ ምንም ደስ ካላለሽ፣ ከልጁም ራቅ ራቅ ካሰኘሽ፣ የፊት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ይታከማል፣ እያጠቡ የሚወሰድ መድሀኒትም አለው። ልጁን ክትባት ስትወስጂው ለነርሷ በዚሁ ቃል «እያለቀስኩ ነው» በያት። ራሴን ወይ ልጄን ልጎዳ የሚል ሀሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ብቻሽን አትሁኚ፣ ባልሽን ቀስቅሺው፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ። ባልሽ ይሄን እንዲያነበው እፈልጋለሁ፣ ቦሩ ሜዳ ስትሄጂ አብሮሽ ይሂድ፣ ልጁን የሚይዝ ሰው ያስፈልግሻል፣ ለእህቱም እሱ ነው የሚያስረዳት፣ አመስግኗት፣ ለሚያጠቡ እንደማይሆን ይንገራት፣ እዛ ላለች ለሌላ እናትም እንዳትልክ።

መድሀኒት ስትጀምሪ ልጁን እንዲህ ተከታተዪው፣ ተቅማጥ ከበዛበት፣ ካካው ላይ ደም ካየሽ፣ በሀይል የሚተፋ ከሆነ፣ አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ከወጣ፣ ሽፍታ ከወጣበት ወይ መጥባት ከቀነሰ መድሀኒቱን ላዘዘልሽ ሰው ንገሪው፣ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፣ ማየቱ ግን የግድ ነው። የልጁ ጉንጭ ላይ ትንንሽ ብጉር ቢወጣም ካንቺ ተላልፎበት አይደለም፣ ህፃናት ላይ የሚወጣ የራሱ አይነት አለ፣ ያንቺን ክሬም አትቀቢው፣ ክትባት ስትሄጂ አሳዪው። ሀኪሙ ካየሽ በኋላ ያዘዘልሽን ስም አንድ በአንድ ፅፈሽ ላኪልኝ፣ የሉፑን ነገር ጤና ጣቢያው ምን እንዳለሽም ጨምሪበት፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይዱ ኮምቦልቻ ካጣሽው ደሴ ያለበትን ፋርማሲ አጠያይቄ እነግርሻለሁ።